የመጀመሪያ መኪናዬን ልያዛት ወይስ ልልቀቃት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ቮልስዋገን፣ በተለምዶ ቮልስ ስለምንላት መኪና የተጻፉ ናቸው። ሦስቱም ጠያቂዎች መኪናዋ የመጀመሪያቸው መሆኗን ገልጸዋል። አንዷ ስለ አነዳድና ጥገና፣ ሌላው ለዓመታት ቆማ ስለ ቀረች መኪና፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ሽያጭ ይጠይቃሉ። ጉዳያቸው ስለሚያያዝ በአንድ ላይ አስተናግደናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከጡረተኛ ጎረቤታችን የገዛኋት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስ አለችኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ በእጄ የገባች የመጀመሪያ መኪና እሷ ናት፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በእሷ እያመላለስሁ ነው። ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ ከዓባይ ወንዝ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስትያያዝ ሞተሯ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ጉልበትም ያንሳታል። ባለቤቴ ሞተሩ እንዳይጨነቅ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ እያልሁ እንድወጣ ይመክረኛል። አንድ መካኒክ ደግሞ አየር ያግኝ ብሎ በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎች ፈትቶ አስቀርቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ብሶባታል። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ሽጪያትና ተገላገይ» ይለኛል፤ እኔ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። አርጅታ ይሆን? ወይስ አያያዜ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ የገለጹት ሙቀት ከእርጅና የመጣ አይመስለኝም። መኪናዎ ያጣችው የሚያቀዘቅዛትን አየር ነው፤ ያንንም መልሶ መስጠት ይቻላል።

ቮልስ ራዲያተርም ውሃም የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞር ማራገቢያ ነው፤ ማራገቢያው ከኋላ ባሉት ክፍተቶች ንጹሕ አየር ይስባል፣ ያንንም በላሜራ ሽፋኑ ውስጥ ወደ ታች እየገፋ በአራቱ ሲሊንደሮች ክንፎች መካከል ያሳልፈዋል። መካኒኩ የፈታቸው ላሜራዎች እንግዲህ አየሩን የሚያፍኑ ሳይሆኑ አየሩ የሚሄድባቸው መንገዶች ናቸው። ከዚህም በላይ ከሞተሩ በላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሞተሩ ሥር ከሚወጣው ትኩስ አየር የሚለዩት እነርሱ ናቸው። እነርሱ ሲነሡ ማራገቢያው ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር መልሶ ይስባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ላሜራዎቹን አስፈልጎ ማስመለስ፣ ካልተገኙም የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ አሮጌ ማስፈለግ ነው። በሞተሩ ክፍል ዙሪያ የሚገባው የጎማ ማኅተምና በካንዴላ (በእሳት መለኮሻ) ገመዶቹ ላይ ያሉት የጎማ ቆቦችም እንዳይረሱ፤ ትንሽ ነገር ቢመስሉም አየሩ ሾልኮ የሚጠፋው በእነርሱ በኩል ነው።

የባለቤትዎን ምክር በተመለከተ፣ ለመኪናዋ አዝነው የሰጡት እንደሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም በዚህች መኪና ላይ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። ቁልቁለቱን ጨርሰው ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ በዝግታ ሲይዙ፣ ሞተሩ ከፍተኛውን ጭነት ተሸክሞ ማራገቢያው ግን በስንፍና ይዞራል። ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ሞተሩ ቢጮህም አይስጉ፣ ጩኸቱ አየር እያገኘ መሆኑን ያመለክታል። አረፍ ማለት ሲፈልጉም እንደቆሙ ወዲያው ቁልፉን አያጥፉ፤ ያለ ጭነት አንድ ሁለት ደቂቃ ይዙር፣ ከዚያ ያጥፉት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ ሲወርዱም በዚያው በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ የፍሬን ሸራውን አጋግሎ ፍሬኑን ያሳጣል።

ከዓባይ በረሃ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ባለመኪና አያስበውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ መኪናዋም ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ጉልበቷም ይቀንሳል። ይህን ለማስተካከል መካኒኮች ቤንዚን የሚያልፍበትን የካርቡራተሩን ዋና ቀዳዳ በአነስተኛ ይለውጡታል፤ ለከተማ መልካም ነው። የሸለቆው ወለል ግን 1,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ እዚያ ስለሚወፍር ለአዲስ አበባ ተብሎ ቀዳዳው በጣም የጠበበበት ሞተር ቤንዚን ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ለመንገድ ስትዘጋጁ መካኒክዎ የገባው ቀዳዳ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አውጥቶ ይይልዎት፤ ከፋብሪካው መጠን እጅግ ያነሰ ከሆነ ለጉዞው የቀድሞውን ያስገባልዎት።

አሁን ወደ ቋሚው አያያዝ ልለፍ። ቮልስ ፍቅርን የምትመልሰው በጊዜው ሰርቪስ ሲደረግላት ነው፤ ሰርቪሷም ውድ አይደለም። ሞተሯ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ያውም ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ጥቂት ዘይት ማለስለስንም ማቀዝቀዝንም አንድ ላይ ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል። የፋብሪካው መመሪያ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ለውጡ ይላል፤ በአቧራና በአጭር መንገድ ለምትመላለስ መኪና ግን በየ3,000ው እንዲሆን እመክራለሁ። በእያንዳንዱ የዘይት ለውጥ ወንፊቱ ወጥቶ ይታጠብ። በወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ ኩሽኔታ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብረት) እየተበላ ነውና ጉዞ ከማሰብዎ በፊት ያስመርምሩት።

የቫልቭ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን፣ ክፍተት ሁለተኛው ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ፣ ጠዋት ነው፤ ከሩቅ ተነድታ ጋራዥ የደረሰች መኪና ወዲያው ቫልቯ ቢስተካከል ሥራው ከንቱ ነው። ለእርስዎ ሞተር መጠኑ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። መካኒኩ ክዳኑን በሽቦ ማቀፊያው አላቅቆ ያወርዳል፣ ስስ መለኪያውን በቫልቩ ጫፍና በማስተካከያው ብሎን መካከል ያስገባል፣ መለኪያው ትንሽ ያዝ እያደረገ ሲንሸራተት ዳዶውን ያጠብቃል፣ ከዚያም ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ ስለሚዞር እንደገና ይለካል። ይህን ዳግመኛ መለካት የሚዘል ሰው ከሆነ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ። ብዙ ሰው ሞተሩ ቻቻ ሲል ይደነግጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድንገት ዝም ያለ ቫልቭ ነው። ድምፁ የጠፋው ክፍተቱ ስለተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ክፍተት የሌለው ቫልቭ በደንብ አይከደንም፣ ያልተከደነ ቫልቭ ደግሞ ይቃጠላል። ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው።

ቺንጋውን በየሳምንቱ በአውራ ጣትዎ መሐሉን ተጭነው ይፈትሹ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት አለበት። ቺንጋ ቢበጠስ ማራገቢያውና ዲናሞው አብረው ስለሚቆሙ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያ መብራት በጉዞ ላይ ሲበራ «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው፣ ከተማ ደርሼ አሳየዋለሁ» ብሎ መቀጠል ሞተሩን በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያስጨርሳል። ወዲያው ዳር ይዘው ይቁሙ። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ጠንካራ ካቻቢቴ ከፊት ሻንጣ ውስጥ ካሉ በመንገድ ዳር መቀየር ይቻላል፤ ጸጥ ባለ ቀን በግቢዎ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢለማመዱት ዳገት ላይ አይቸገሩም።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማሳስብዎ ግን የቤንዚን ጎማውን ነው። ብዙ ቮልስ በእርጅና ሳይሆን በእሳት አልቃለች። ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ጎማ በጨርቅ የተለበጠ ስለሆነ ከውስጥ ሲሰነጠቅ ከውጭ አይታይም፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚንም የሚወርደው በጋለ ሞተርና በእሳት ማከፋፈያው ላይ ነው። እንደ ቺንጋው ሁሉ ይህንንም በእጅዎ ይዳስሱት፤ የደረቀ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ያስለውጡት፣ ጫፎቹም በማጠበቂያ ይታሰሩ። በመኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ሲሸትዎ ምንጩ ሳይገኝ አታስነሡ። አነስተኛ የእሳት ማጥፊያም ከአሽከርካሪው ወንበር አጠገብ ይኑር።

ታዲያ ይያዟት ወይስ ይሽጧት? ይህን ውሳኔ ሞተሩን እያዩ አይወስኑ፤ ሞተሩ በአራት ብሎን ከመኪናዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወርዶ ይታደሳል፣ ይለወጣልም። ውሳኔው ያለው ወለሏ ላይ ነው። የኋላ መቀመጫውን አንሥተው በስተቀኝ ባትሪው ከተቀመጠበት ሥር ይመልከቱ፤ የባትሪ አሲድ ላሜራውን ይበላዋል። ከዚያ በበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን ያሉትን ሣጥን መሰል ብረቶች በካቻቢቴ ጫፍ ይንኳቸው። ጠንከር ብሎ የሚመልስ ድምፅ ካላቸው መኪናዎ ለብዙ ዓመት ትሆናለች፣ እንዲይዟትም ከልቤ እመክራለሁ። ካቻቢቴው የሚሰምጥ ከሆነ ግን አካሏን የሚሸከመው ብረት ነው የበሰበሰው፤ በፕላስተርና በቀለም ሸፍኖ ልጆች ማሳፈር አይገባም። ያኔ ወይ ሙሉ የላሜራ ሥራ ማሠራት ነው፣ ወይ መልቀቅ ነው።

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ሪያድ እኖራለሁ። የመጀመሪያ መኪናዬ የሆነችው ቮልስ ባሕር ዳር በእናቴ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና አራት ዓመት ያህል ቆማለች። ወንድሜ ባትሪ ገዝቶ፣ ካልሆነም ገፍቶ ሊያስነሣት ተዘጋጅቷል። ፈቃዴን ልስጠው?

መልስ፦ ገና አይስጡት። ለዓመታት የቆመ ሞተር በግፊ ከተነሣ የደረቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በደረቀ ሲሊንደር ላይ ይፋተጋል፤ በአንድ ደቂቃ የሚደርሰው ጉዳት አራት ዓመት መቆሙ ካደረሰው ሊበልጥ ይችላል።

ወንድምዎ በመጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን ከጋኑ ሙሉ በሙሉ ያስወጣ፤ ቤንዚን ሲቆይ ይወፍርና የካርቡራተሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ዘይቱንም ይለውጥ። አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥብ፣ አንድ ቀን ይተወው፣ ከዚያ የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ መሰል ብረት) በቁልፍ ይዞ ሞተሩን በእጁ ያዙር። አልዞር ካለ በኃይል አይታገለው፤ መካኒክ ይጥራ። የማራገቢያውን ሽፋንም ገልጦ ይመልከት፤ በቆሙ ቮልሶች ውስጥ አይጥ ጎጆ መሥራቷ የተለመደ ነው፣ ጎጆው ካልወጣ ሞተሩ አየር አያገኝም። የቤንዚን ጎማዎቹ ደህና ቢመስሉም ሁሉም ይለወጡ። ሞተሩ ቢነሣ እንኳ ከግቢ ከመውጣቷ በፊት የአራቱም ጎማ ፍሬን ተፈትቶ ይታይ፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የፍሬን ሲሊንደሮቹ ዝገው ይያዛሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ወንድማዊ ቃል ልጨምር። ቶሎ የማይመለሱ ከሆነ መኪናዋን ለወንድምዎ ወይም ለሚነዳት ሰው በሕጋዊ መንገድ ማስተላለፉን ያስቡበት። ቆሞ የሚጠበቅ መኪና የለም፤ የቆመ መኪና እየጠፋ ያለ መኪና ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሃምሳ አልፏል። ከማግባቴ በፊት የገዛኋትን ቮልስ እስካሁን ይዣለሁ። ቤተሰቤ በመብዛቱ ልሸጣት ቆርጫለሁ፤ እንዲያውም አንድ ወጣት ገዢ አግኝቼ በዋጋ ተስማምተናል። ደላላው ግን «ስም ማዛወሩ ይደርሳል፣ ለጊዜው ውክልና ስጠውና ገንዘብህን ተቀበል» ይለኛል። ሞተሯን ከዓመታት በፊት ቀይሬያለሁ፣ ዝናብ ሲዘንብም በግራ በኩል ወለሏ ውሃ ያስገባል። ይህን ሁሉ ልናገር ወይስ ገዢው ራሱ ይመርምር? እንዴት ባለ መንገድ ብለያት ይሻላል?

መልስ፦ ስም ሳይዛወር በውክልና የሚደረግ ሽያጭ በአገራችን እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ትክክለኛ አሠራር መስሏል። ለሻጩ ግን አደገኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ መኪናውን የነዳው ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። መኪናዋ በስምዎ ተመዝግባ እስካለች ድረስ ወጣቱ አደጋ ቢያደርስ ተጎጂው መጀመሪያ የሚጠራው እርስዎን ነው። በኋላ ገዢውን መልሰው ይከሱት ይሆናል፤ እስከዚያው ግን ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት። ወጣቱም ቢሆን አይጠቀምም፤ ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፣ ወካዩ ሲሞትም ይቀራል። ደላላው የሚቸኩለው ኮሚሽኑን ለመቀበል ነው፤ እርስዎ የሚያስቸኩልዎ ነገር የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመደረጉ በደህና የተያዘች አሮጌ መኪና ፈላጊ አታጣም፤ ይህ ገዢ ቢቀር ሌላ ይመጣል።

ስለዚህ ሁለታችሁም በአካል ቀርባችሁ የሽያጭ ውሉን በውልና ማስረጃ አስመዝግቡ፣ ስሙም ወዲያው ይዛወር። ከዚያ በፊት የሚያስቸግርዎ የሞተሩ ጉዳይ ነው። ሞተሩን ሲቀይሩ አዲሱን ቁጥር በሊብሬው ላይ አስመዝግበው ከነበረ ችግር የለም፤ ካልነበረ ሊብሬው ላይ ያለውና ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ስለማይገጥሙ ዝውውሩ ይቆማል። ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ ይፈልጉና ቁጥሩን አስቀድመው ያስተካክሉ። የቮልስ ሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል፤ የሻንሲው ቁጥር ደግሞ የኋላ መቀመጫው ሲነሣ በመሐል በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቶ ይታያል። ሁለቱንም ራስዎ አንብበው ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። ቦሎው የዘመኑ መሆኑን፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣትም አለመኖሩን ያረጋግጡ።

ከማግባትዎ በፊት የገዙት ንብረት በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የግልዎ ነው፤ ሆኖም ሕጉ በጋብቻ ውስጥ ያለን ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የጋራ ንብረት ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነውን ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ማስረጃ ከማሰባሰብ ይልቅ ባለቤትዎ አብረውዎት ቀርበው ቢፈርሙ ይቀላል፤ ይህን ያህል ዓመት አብራችሁ የተጓዛችሁባትን መኪና አብራችሁ ብታስረክቧት ደግሞ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወለሏ ውሃ ማስገባቱን ይናገሩ። በሕግም ቢሆን ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት መልሶ ይጠየቅበታል፤ እኔ ግን ከሕጉ በፊት የማስበው ያንን ወጣት ነው። ምናልባት ለእሱም የመጀመሪያው መኪና ትሆናለች። ፊት ለፊት መቀመጫውን አንሥተው ውሃው የሚገባበትን ቦታ ያሳዩት፣ ሞተሩ መቼ እንደተለወጠ ይንገሩት፣ ጉድለቶቹንም በውሉ ላይ በዝርዝር ያስጽፉ። ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ ይቀንስ። ራሱ የሚያምነውን መካኒክ ይዞ እንዲመጣና መኪናዋን በብርድ ሞተር እንዲያስነሣት ይፍቀዱለት። ዳገት ላይ የምትወደውን ማርሽ፣ በክረምት ጠዋት እንዴት እንደምትነሣ፣ የትኛው በር ሲዘጋ ወደ ላይ ከፍ መደረግ እንዳለበት እርስዎ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ ብትነዷት ከየትኛውም መካኒክ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። የሰርቪስ ደብተርና የዕቃ ደረሰኝ ካስቀመጡ ከትርፍ ቁልፉ ጋር ያስረክቡት።

ገንዘቡን በባንክ ዝውውር ይቀበሉ፣ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ሳያረጋግጡም አይፈርሙ። የደላላው ኮሚሽን ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስሙ እንደተዛወረ የኢንሹራንስ ኩባንያዎን መኪናዋን መሸጥዎን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የተመዘገበውን ውል አንድ ቅጂ ከገዢው መታወቂያ ኮፒ ጋር ቤትዎ ያስቀምጡ፣ ከሽያጩ በኋላ ስለ ደረሰ የትራፊክ ቅጣት ወይም አደጋ ጥያቄ ቢነሣ መኪናዋ በየትኛው ቀን ከእጅዎ እንደወጣች የሚያስረዳልዎ ያ ወረቀት ነው።